የተጠራቀመ ውኃ የማን ነው?

«የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው» የሚለው ብሂል ብዙውን ጊዜ የሚነገረው በምፀት ነው። ከበረከት አጠገብ ቆሞ ያጣን ሰው ለመውቀስ፣ አንዳንድ ጊዜም ለማዘን ይነገራል። በምዕራብ ጎጃም ግን፣ በተለይም እስከ ዓባይ ሸለቆ በሚወርደው በወንበርማ ወረዳና በዋና ከተማው በሽንዲ ዙሪያ፣ ብሂሉ ምፀት ብቻ ሳይሆን ዓመት ጠብቆ የሚደርስ ተጨባጭ ሁኔታ ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም ሰማዩ ያለ ስስት ይሰጣል፤ ጎርፉ ቦዩን ሞልቶ፣ መንገዱን ሰብሮ፣ የማሳውን አፈር ተሸክሞ ወደ ዓባይ ይወርዳል። ከጥር ወዲህ ግን ያው ምድር ይሰነጠቃል፤ ምንጩ ይቀጥናል፤ የጓሮው ጎመን ቅጠሉን ያጥፋል። በዓመት ከ1000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ በሚያገኝ አገር፣ በሚያዝያ ወር ለአንድ መደብ ችግኝ የሚሆን ውኃ ይታጣል።

በመሆኑም የሽንዲ ጓሮ ችግር የውኃ ማነስ ሳይሆን የውኃና የጊዜ አለመገናኘት ነው። ሰማይ ሳይለመን በሰጠበት ወራትና ተለምኖ በማይሰጥበት ወራት መካከል ሰው ገብቶ ማስታረቅ ይኖርበታል፤ ይኸውም ማቆር፣ ማጠራቀም፣ መቆጠብ ነው። ነገሩ ላይ ላዩን ሲታይ የአካፋና የዶማ፣ የአሸንዳና የበርሜል ጉዳይ ይመስላል። ጠለቅ ተብሎ ሲመረመር ግን ሁለት የሥነ ምግባር ጥያቄዎች ከጉድጓዱ ውስጥ ብቅ ይላሉ። ለነገ ማስቀመጥ የሰው ግዴታ ነውን? የተቀመጠውስ የማን ነው? ሁለተኛው ጥያቄ ከመጀመሪያው ይከብዳል። የመጀመሪያው የሚጠየቀው በክረምት፣ ሁሉም በጠገበበት ጊዜ ሲሆን፣ ሁለተኛው የሚጠየቀው ግን በበጋ፣ የጎረቤት ችግኝ በዓይን እየታየ ሲጠወልግ ነውና።

ክርክሩ መሬት ሳይነካ እንዳይቀር አንድ የጓሮ መደብ ለምሳሌ ይቅረብ። ቡሬ፣ ወንበርማና ጃቢ ጠህናን በበርበሬ የታወቁ ወረዳዎች ናቸው። በርበሬ እንደ ጤፍና እንደ ዳጉሳ በማሳ ላይ ተዘርቶ የሚተው ሰብል አይደለም። በቅድሚያ ችግኙ በመደብ ላይ ይፈላል፤ ክረምቱ ሲገባ ወደ ማሳ ይዛወራል። ስለዚህ ችግኙ ውኃ የሚሻው ሰማይ ጨርሶ በሚጨክንበት፣ በበጋው መጨረሻ ወራት ነው። የዚያ መደብ ዕጣ የአንድ ቤተሰብ የዓመት ዕጣ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ የግብሩ፣ የማዳበሪያው፣ የልጆች ደብተርና ልብስ ገንዘብ ከዚያው ይጠበቃልና።

ሒሳቡን ማስላት አያስቸግርም። በአንድ ካሬ ሜትር ላይ የወረደ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ 1 ሊትር ነው። ስፋቱ 10 ካሬ ሜትር ለሆነ መደብ በቀን 5 ሚሊ ሜትር ያህል ውኃ ቢታሰብ 50 ሊትር፣ በ60 ቀን 3,000 ሊትር ይሆናል፤ ይህም ባለ 20 ሊትሩን ጀሪካን 150 ጊዜ መሙላት ማለት ነው። በአንጻሩ 40 ካሬ ሜትር የሚሸፍን የቆርቆሮ ክዳን፣ የዓመቱ ዝናብ 1000 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው ቢባል እንኳ፣ 40,000 ሊትር ይቀበላል። ሩቡ በየመንገዱ ባከነ ቢባል 30,000 ሊትር ይተርፋል። እንግዲህ ለመደቡ የሚያስፈልገው ውኃ በክረምት ከገዛ ቤት ጣሪያ ከሚወርደው አንድ አሥረኛው ብቻ ነው። የተጠማው ሰው የተጠማው አጥቶ ሳይሆን አሳልፎ ነው።

ሆኖም መቆፈር ብቻውን ማጠራቀም አይደለም። ርዝመቱ 2 ሜትር፣ ወርዱ 1 ሜትር ተኩል፣ ጥልቀቱ 1 ሜትር የሆነ ጉድጓድ 3,000 ሊትር ይይዛል፤ ሒሳቡ የሞላ ይመስላል። ነገር ግን ፀሐይ ከገላጣ ውኃ ላይ በቀን 5 ሚሊ ሜትር ያህል ብትጠጣ፣ ከመስከረም መጨረሻ እስከ መጋቢት መጨረሻ ባሉት 180 ቀናት 90 ሳንቲ ሜትር ትጠጣለች። ክዳን የሌለው ጉድጓድ ባለቤት ስድስት ወር ሙሉ የጠበቀው ለራሱ ሳይሆን ለፀሐይ ነበር ማለት ነው። በጥልቀት እንጂ በስፋት አለመቆፈር፣ ግድግዳውን በሚገባ መለበጥ፣ አፉን መክደን፣ መደቡን በደረቅ ሣር መጎዝጎዝ፣ ውኃውንም ማለዳና ማታ ማጠጣት የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። በጀሪካን ተተክቶ በየጥጉ የተጣለው የሸክላ እንስራም ለዚህ ሥራ ይበጃል። በመደቡ መካከል እስከ አንገቱ ተቀብሮ ውኃ ቢሞላ፣ በገላው ቀስ እያለ እያላበ ሥሩን ያጠጣል። ይህ ዘዴ ከሁለት ሺህ ዓመት በፊት በቻይና በተጻፈ የግብርና መጽሐፍ ውስጥ የተገለጸ ነው። ቁጠባ ውኃን ከመያዝ የማያንስ ውኃን ቀስ ብሎ የመልቀቅ ጥበብ ነው።

ከዚህ በኋላ የመጀመሪያውን ጥያቄ ማንሳት ይቻላል። ለነገ ማስቀመጥ ግዴታ ነውን? አንዳንዱ ነገን የሚያውቅ ፈጣሪ ብቻ ነው፣ ማከማቸት የስስት ታናሽ ወንድም ነው ይላል። ሌላው ደግሞ ነገሩን የግል ምርጫ ያደርገዋል፤ የሚሻ ያቁር፣ የማይሻ ይተው፣ ያልቆጠበ የሚጎዳው ራሱን ነው ይላል። ይህ ሁለተኛው አስተያየት አስተዋይ ቢመስልም አንድ ነገር ዘንግቷል። ያልቆጠበ አባወራ የሚጎዳው ራሱን አይደለም። ክረምት ያሳለፈው ውኃ በበጋ ከሩቅ ይመጣል፤ የሚያመጡትም በአብዛኛው ሴቶችና ልጃገረዶች ናቸው። 150 ጀሪካን የሚለው ቁጥር በወረቀት ላይ ቀላል ነው፤ በጀርባ ላይ ሲሆን ግን እያንዳንዱ 20 ኪሎ ግራም ነው። በክረምት ያልተቆፈረው ጉድጓድ በበጋ በአንዲት ልጃገረድ ወገብ ላይ ይቆፈራል፤ ምናልባትም ከትምህርት ቤት በቀረችበት ቀን።

በዚህ ረገድ ኪነ ጥበባችንም ከወቀሳ አያመልጥም። እንስራ ያዘለች፣ ወደ ምንጭ የምትወርድ ኮረዳ በሥዕሉም፣ በዘፈኑም፣ በመድረኩም የውበት ምልክት ሆና ኖራለች። ወገቧ ተወድሷል፤ አረማመዷ ተመስግኗል። በጀርባዋ ላይ ያለው ክብደት ግን በሠዓሊው ቡሩሽ አልተመዘነም። ውበቱ ሐሰት ነው ማለት አይደለም፤ ውበቱን ብቻ ያየ ዓይን ግማሹን እውነት አላየም ማለት ነው። ለነገ አለማስቀመጥ እንግዲህ የግል ስንፍና ሳይሆን፣ ሳይጠይቁ ከደካማው ጉልበት መበደር ነው። ሳይጠይቁ መበደር ደግሞ በየትኛውም ልማድ ነውር ነው። የማጠራቀም ግዴታ የሚመነጨው ከዚህ ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ የሚጀምረው ጉድጓዱ ሲሞላ ነው። እንግሊዛዊው ፈላስፋ ጆን ሎክ በ17ኛው ክፍለ ዘመን የባለቤትነትን ምንጭ ከጉልበት አውጥቶታል። በተፈጥሮ የጋራ በሆነ ነገር ላይ ሰው ድካሙን ሲጨምርበት ነገሩ የግሉ ይሆናል በማለት፣ ከምንጭ የሚቀዳ ውኃን ሳይቀር በምሳሌነት ጠቅሷል። ወዲያውም ገደብ አኑሮበታል፤ ወሳጁ ሲወስድ ለሌላው የሚበቃ መቅረት እንዳለበት አስገንዝቧል። ይህ አስተሳሰብ ወደ ሽንዲ ጓሮ ሲመጣ ሁለት ፈተና ይገጥመዋል።

የመጀመሪያው ፈተና የጉልበቱ ባለቤት ማን ነው የሚለው ነው። የሎክ ሰው ብቻውን ወርዶ ብቻውን ይቀዳል። የጎጃም ገበሬ ግን ከባድ ሥራውን ብቻውን አይሠራም፤ በወንፈል ይረዳዳል፣ በደቦ ይጠራራል። በወንፈል የተቆፈረ ጉድጓድ የአሥር ሰው ላብ አለበት። ብድሩ በጉልበት ቢመለስም እንኳ፣ ያ ጉድጓድ ጎረቤት ባይኖር ኖሮ ጉድጓድ ባልሆነ ነበር። የቆርቆሮ ክዳንም እንዲሁ ነው። ከቆርቆሮ ጣሪያ በአሸንዳ ንጹሕ ውኃ ይወርዳል፤ የሣር ክዳን ግን ውኃውን ይመጣል፣ የሚያወርደውም የጠቆረ ነው። ስለዚህ ብዙ ያጠራቀመው ሁልጊዜ ብዙ የተጋው አይደለም፤ አንዳንድ ጊዜ ቀድሞ የነበረው ነው። አቅመ ደካማ አዛውንት ወይም ጉልበት ያጣች ባልቴት ሰንፋ ሳይሆን ክዳንና ክንድ አጥታ በባዶ በርሜል ሚያዝያን ትቀበላለች።

ሁለተኛው ፈተና ወቅት ነው፤ የጉዳዩ ቁልፍም እዚህ ላይ ይገኛል። በሐምሌ ከጣሪያ የተያዘ ውኃ ከማንም አፍ አልተነጠቀም፤ ባይያዝ ኖሮ ጎርፍ ሆኖ አፈር ይዞ ይሄድ ነበር። በሚያዝያ ከቀጠነ ምንጭ ወይም ከጅረት ተጠልፎ ወደ ግል ጉድጓድ የገባ ውኃ ግን ከታች ላለው ሰው ሊደርስ የሚገባው ነበር። ሁለቱም በዓይን ሲታዩ ውኃ ናቸው፤ በፍትሕ ፊት ግን አንድ አይደሉም። ከዚህም ሌላ ሐቅ ይከተላል። በሐምሌ ያቆረ ሰው በሚያዝያ ከምንጩ ሰልፍ ይወጣል። የእርሱ ተራ ቆርቆሮ ለሌላት ባልቴት ይተርፋል። እንግዲህ ቁጠባ ለራስ ማስቀመጥ ብቻ ሳይሆን ለሌላው ቦታ መልቀቅ ነው። በአንጻሩ ጉድጓዱን ሞልቶ ሳለ የጉድጓዱን እያቆየ ከምንጩም እኩል የሚቀዳ ሰው ቆጣቢ አይባልም፤ በቁጠባ ስም ሁለት ጊዜ የሚወስድ ነው።

የተከማቸ ነገር ያለ ደንብ ወዴት እንደሚያመራ ከኦሪት ዘፍጥረት የዮሴፍ ታሪክ በላይ የሚያሳይ የለም። በሰባቱ የጥጋብ ዓመታት ከምድሩ ፍሬ አምስተኛው እጅ ተሰበሰበ፤ ጎተራው ሞላ፤ በሰባቱ የረሃብ ዓመታትም ሕዝብ ከሞት ዳነ። ይህን ክፍል ሰባኪውም መምህሩም ይተርከዋል። ቀጥሎ ያለው ክፍል ግን እምብዛም አይነሣም። ሕዝቡ ለእህሉ በመጀመሪያ ብሩን ሰጠ፤ ብሩ ሲያልቅ ከብቱን ሰጠ፤ ከብቱ ሲያልቅ መሬቱንና ራሱን ለፈርዖን ሸጠ። ጎተራው ነፍስ አዳነ፤ ያው ጎተራ ነፃ ገበሬን ባሪያ አደረገ። ማከማቸቱ ትክክል ነበር፤ የተከማቸው የማን እንደሆነ ግን በጥጋቡ ጊዜ አልተጠየቀም።

ከቅርቡ ታሪካችንም ተመሳሳይ ትምህርት ይገኛል። አማርትያ ሴን እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተመው ጥናት ስለ 1965 እና 1966 ዓ.ም. የወሎ ረሃብ ሲመረምር፣ ሰው ያለቀው በአገሪቱ እህል ስለጠፋ ሳይሆን የወሎ ገበሬ ያለውን እህል የሚያገኝበት አቅምና መብት ስለጠፋ መሆኑን አመልክቷል፤ ከወሎም ወደ ሌላ ገበያ እህል ይወጣ እንደነበር ጠቅሷል። እህል ለመኖሩና ለመድረሱ መካከል ደንብ አለ፣ ወይም የደንብ እጦት አለ። የእህሉ ታሪክ ለውኃም ይሠራል። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ የተፈናቀሉ ወገኖች በዚያን ጊዜ የጎጃም ክፍል ወደነበረው ወደ መተከል መጥተው ሲሰፍሩ፣ ለብዙው የጎጃም ሰው ድርቅ የሌላ አገር ወሬ መሆኑ ቀርቶ የጎረቤት ታሪክ ሆኗል። ዝናም የሚጠግብ አገር ከዚያ ታሪክ መማር የሚችለው በጠገበበት ጊዜ ነው።

ደንብ ያለ ጉድጓድ ከንቱ እንደሆነ ሁሉ፣ ጉድጓድም ያለ ደንብ ከንቱ መሆኑ በአማራ ክልል በራሱ ታይቷል። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ በክልሉም በሌሎች አካባቢዎችም በየገበሬው ጓሮ ውኃ ማቆሪያ ጉድጓድ የማስቆፈር ሰፊ ዘመቻ ተካሂዶ ነበር። ዓላማው መልካም፣ ችግሩም እውነተኛ ነበር። ጉድጓዶቹ በፕላስቲክ ወይም በሲሚንቶ ተለበጡ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን ብዙዎቹ ፕላስቲካቸው ተቀዶ፣ ሲሚንቶአቸው ተሰንጥቆ፣ ደለል ሞልቶባቸው ተተዉ። በአንዳንድ ሥፍራ የወባ ትንኝ መፈልፈያ ሆኑ፤ ሕፃናትና እንስሳት የሚገቡባቸው አደጋዎችም ሆኑ። በደንብ ይዘው የተጠቀሙባቸው ገበሬዎች አልጠፉም። የተተዉት ግን ለምን ተተዉ? ከቴክኒኩ ጉድለት በስተጀርባ የቆመ ምክንያት አለ። ጉድጓዱ በቁጥር ተጠይቆ በቁጥር ሲቆፈር፣ ቆፋሪው ጉድጓዱ የማን እንደሆነ አያውቅም። ትዕዛዝ ነውና አይከድነውም፤ የእርሱ አይደለምና አይጠግነውም። የተጠራቀመ ውኃ የማን ነው ቢባል፣ በብዙ ሥፍራ መልሱ የሪፖርቱ ነበር የሚል ይሆናል። ሪፖርት ደግሞ ችግኝ አያጠጣም።

መፍትሔው ከሩቅ የሚመጣ አይደለም። በአማራ ክልል ባህላዊ መስኖ ባለባቸው ብዙ ሥፍራዎች ተጠቃሚዎች ከመካከላቸው የሚመርጡት «የውኃ አባት» አለ። ተራ ያወጣል፤ ቦይ ጠረጋ ያስወጣል፤ ተራ የዘለለውን ይቀጣል፤ የላይኛውንና የታችኛውን ያስታርቃል። ኤሊኖር ኦስትሮም እ.ኤ.አ. በ1990 ባወጣችው መጽሐፍ፣ በኋላም በ2009 የኖቤል ሽልማት ባስገኘላት ሥራዋ፣ የጋራ ሀብትን ለዘመናት ያቆዩ ማኅበረሰቦችን አጥንታ ያገኘችው ከዚህ የራቀ አይደለም፤ ተጠቃሚው ተለይቶ የሚታወቅበት፣ ደንቡን ራሱ የሚያወጣበት፣ ራሱ የሚቆጣጠርበት፣ ቅጣቱም ከቀላል ወደ ከባድ የሚሄድበት ሥርዓት ይጸናል። በፈረንጅ መጽሐፍ የተጻፈው የውኃ አባት በቦዩ ዳር ቆሞ ሲሠራበት የኖረ ነው። የጎደለው ይህ የቦይ ሥርዓት ወደ ጣሪያና ወደ ጓሮ ጉድጓድ አለመሻገሩ ነው።

ቢሻገር ምን ይላል? ሦስት አንቀጽ ይበቃዋል። አንደኛ፣ በክረምት ከጣሪያ የተያዘ ውኃ የያዘው ቤተሰብ ነው፤ ማንም ተነሥቶ ሊቀዳው አይችልም። ሁለተኛ፣ ጉድጓዱ ውኃ ያለው ሰው በበጋ ለጓሮው ከምንጭና ከጅረት አይቀዳም፤ ተራውን ለሌለው ይለቃል። ሦስተኛ፣ ክዳንና ክንድ ለሌለው ጎረቤት ወንፈሉ በክረምት ጉድጓድ ይቆፍርለታል፣ ባለ ቆርቆሮው ከሞላ ጉድጓዱ የሚተርፈውን ጎርፍ ወደ እርሱ ይመራለታል። የመጀመሪያው አንቀጽ ትጉሁን ይጠብቃል፤ ሁለተኛው ምንጩን ይጠብቃል፤ ሦስተኛው ደካማውን ይጠብቃል። አንዱ ከጎደለ ሌሎቹ አይቆሙም።

በዚህ ላይ አንድ ብርቱ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ደንቡ እንዲህ ከሆነ፣ ችሎ ያልቆፈረው ሰነፍስ? ሚያዝያ ላይ መደቡ ሲደርቅ የጎረቤቱን ደጅ ቢመታ ይሰጠዋልን? ቢሰጠው ሰነፍ ሁልጊዜ በትጉሁ ጉድጓድ ይኖራል፤ ቢከለከል ልጆቹ በአባታቸው ጥፋት ይቀጣሉ። ይህ ተቃውሞ በቀላል ቃል የሚሸነፍ አይደለም። ሆኖም ለመጠጥ የሚሆን ውኃና ለመደብ የሚሆን ውኃ ተለይተው መታየት አለባቸው። የመጠጥ ውኃ የሚከለከልበት ደንብ የሰው ደንብ አይባልም፤ ጥፋተኛም ይጠማልና። ለመደቡ የሚሆነውን ግን ችሎ ያልቆጠበው በብድር ይወስዳል፤ ብድሩንም በመጪው ክረምት የአበዳሪውን ጉድጓድ በመጥረግና የራሱን በመቆፈር ይከፍላል። ምጽዋት ሰነፍን ሰነፍ አድርጎ ያስቀረዋል፤ እንቢታ ጠላት ያደርገዋል፤ ብድር ግን ወደ ወንፈሉ ይመልሰዋል።

በአክሱም ከዐለት የተጠረበው ጥንታዊ የውኃ ማጠራቀሚያ ማይ ሹም ይባላል፤ የስሙ ፍቺ የሹም ውኃ ማለት ነው። ስሙ ራሱ የተጠራቀመ ውኃ የማን ነው ለሚለው ጥያቄ የዘመኑ መልስ ነበር። እያንዳንዱ ዘመንና እያንዳንዱ መንደር የራሱን መልስ መስጠቱ አይቀርም። ካልተናገረው በሚያዝያ ጠብ ይናገርለታል።

ስለዚህም የደንቡ ጊዜ ሚያዝያ አይደለም። በጠማው ጉሮሮ የሚወጣ ደንብ ለጉልበተኛው ያደላል፤ ያለው አለኝ ብሎ፣ የሌለው የለኝም ብሎ ይቀመጣልና። ሁሉም እኩል ሆኖ ስለ ውኃ ሊነጋገር የሚችለው ሰማዩ ሲጠቁር፣ ገና ማን እንደሚሞላለትና ማን እንደሚጎድልበት ባልታወቀበት በሰኔ መግቢያ ነው። መምህሩ የጣሪያውን ሒሳብ ለተማሪዎቹ በሰሌዳ ላይ የሚያሳይበት፣ ካድሬው ቁጥር ከመቁጠሩ በፊት ጉድጓዱ የማን እንደሆነ የሚጠይቅበት፣ ከያኒውም የእንስራውን ክብደት ከኮረዳይቱ ውበት ጋር አብሮ የሚመዝንበት ወራት ያ ነው። በሽንዲ ሰፈሮች የመጀመሪያው የሰኔ ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ከአካፋው በፊት ቃሉ ይቅደም። ውኃውን ጉድጓድ ይይዘዋል፤ ጉድጓዱን ግን የሚይዘው ደንብ ነው።